ለስድስት አንድ ጉዳይ

ዘጠኝ ገጽ ወረቀት አደለችን አንድ ባንድ፣
«ውላችን ነው» አለች፣ «የሴሚስተር መንገድ።»
ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቱ ማዶ በረዶ ሲያካፋ ይታያል፤
እኔ ከመጋዘን መጥቼ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
ሰው ከሰው እንዴት እንደሚነጋገር
በአርባ ዓመቴ ተቀመጥኩ ልጠይቅ።

አንቀጽ አንድ። ሦስቴ ከቀረህ ወደቅክ።
አንቀጽ ሁለት። ስልክህን ዝጋ፤ ፊትህ ያለውን ሰው እይ።
አንቀጽ ሦስት። ዓይን ለዓይን መተያየት፣
ከመቶ አሥር ነጥብ።
አሥር ነጥብ!
እኔን ያሳደገኝ ቤት
ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት ማየት
ነበር ጨዋነቱ። ቀና ያለ ልጅ ዓይነ ደረቅ ነው፤
እዚህ ግን ዓይነ ደረቅ ነጥቡን ሙሉ አገኘው።

አንቀጽ አራት። «ካረን በሉኝ፣ ዶክተር ፍሪዘኑን ተዉት።»
እሺ፣ ካረን።
በእንግሊዝኛው «ዩ» ሁሉም እኩል ነው፣
ሕፃኑም፣ ዳኛውም፣ ድመቱም።
በሆዴ ግን አንቱ ነች። «ነች» ማለቱም አልሆነልኝም፤
ናቸው። በሆዴ ካረን ናቸው።
ከላይ «አለች» ያልኩትን «አሉ» ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንቀጽ አምስት። «አንተ እንዲህ አደረግክ» አይባልም፤
«እኔ እንዲህ ተሰማኝ» ይባላል።
ወደ ቤት ስመለስ በአውቶቡሱ ጭጋጋም መስኮት ላይ
በጣቴ ጻፍኩት፦ አስቀየምከኝ።
አንድ ቃል። መሐሉ ላይ አንተ፣ ጫፉ ላይ እኔ፣
ተጣብቀን ቆመናል።
የቱን ቆርጬ ልጣል?

በየካቲት ጥንድ ጥንድ አደረጉን።
አንዱ አራት ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ያደምጣል፤
ምክር ክልክል ነው።
ማሪቬል፣ ከማኒላ፣ ሌሊት ሌሊት ሽማግሌዎች የምታገላብጥ፣
«የአሥራ ሁለት ሰው ትራስ አመቻቻለሁ» አለችኝ፣
«የገዛ ልጄ ግን ከጎን ክፍል ሆና
በቴክስት ታዋራኛለች።»
አይዞሽ ሊያመልጠኝ ሲል ከጥርሴ ስር ያዝኩት።
አይዞሽ ምክር ነው? ወረቀቱ ላይ የለም።
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኳት፣
አገሬ ሰው «አዎ» የሚልበትን፣ ቃል የሌለውን አዎ።
ደነገጠች። «አስም አለብህ?»
ካረን ሳቁ። ለሁለታችንም አንዳንድ ነጥብ ቀነሱ።
በሳምንቱ እኔ ሳወራ
ማሪቬል ወደ ውስጥ ተነፈሰችልኝ።

የመጨረሻው ሥራ ገጽ ስምንት ላይ ነው፦
ከተኳረፍከው ሰው ጋር ሃያ ደቂቃ ተነጋገር፤
አምስት ገጽ ጻፍ፤ ስሙን ቀይር።
ሐሙስ ሌሊት፣ ለስድስት አንድ ጉዳይ ላይ ይዘጋል።
ለዘገየ በቀን አሥር ነጥብ። ምክንያት ያለው ማስረጃ ያቅርብ።

ይርዳው የእናቴ ልጅ ነው።
(ስሙን መቀየር ነበረብኝ።)
በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ፤
በኩርፊያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር።
ለመኪናው ዋስ ሆንኩት፤ እሱ መክፈሉን ተወው፤
ባንኩ እኔን አወቀኝ፣ እሱ ረሳኝ።
እሱን ብትጠይቁት ሌላ ይላችኋል።

ሐሙስ። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ደወልኩ።
«ማን ሞተ?» አለኝ።
በዚህ ሰዓት የሚደወል ሌላ ምን አለ።
«ማንም። የቤት ሥራ ነው።»
ዝም አለ። እኔም በደንቡ መሠረት ዝም አልኩ፤
ማዳመጥ ሃያ ነጥብ አለው።
ማቀዝቀዣዬ ሲያጉረመርም ይሰማል፣ የእሱም።
«እኔ...» አልኩ፣
የተማርኩትን ዓረፍተ ነገር ልቀጥል፣
«እኔ...» ላይ ቆመ፣ ጎማው እንደ ተነፈሰ።
ከማዶ አንድ ትንፋሽ
ወደ ውስጥ ተሳበ።

አምስቱን ገጽ የላክሁት በማግስቱ ማታ ነው።
ኮምፒዩተሩ ቀይ ጻፈብኝ፤ አሥር ነጥብ ሄደ።
«ማስረጃ» በሚለው ሣጥን ውስጥ እንዲህ አልኩ፦
ወንድሜ ስልኩን አልዘጋም ነበር።
የመኪናው ጉዳይ ገና አልተነሣም።